በጸሎት ላይ ሳለን ስለተገነባብን በር

ቀን፦ ጥር 19 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ
ናይሮቢ

በናይሮቢ ለወንጌላውያን ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሰብሳቢ ለአቶ ሐብተማርያም ሥዩም
ባሉበት (ማለትም ከፊት ለፊቴ፣ በተገለበጠው ባልዲ ላይ)

አመልካች፦ ወ/ሮ የውብዳር ቶሎሳ

ጉዳዩ፦ እኔን፣ ክቡርነትዎንና ጋሼ ዘርይሁንን ውስጡ እንዳስቀረ በብሎኬት የተደፈነው በር እንዲከፈት ስለመጠየቅ

1. ከሁሉ አስቀድሜ አቤቱታዬን በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ፣ በአናጢ እርሳስ ጽፌ ማቅረቤ እንደ ንቀት እንዳይቆጠርብኝ በትሕትና እለምናለሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ ሌላ ወረቀት የለም። ጉልበታችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም፤ ብናገር ይሰሙኝ ነበር። ነገር ግን አፌን ስከፍት ክቡርነትዎ እጅዎን አንስተው "እህቴ የውብዳር፣ ቅሬታ ካለሽ ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አቅርቢ፤ በተራው ይታያል" አሉኝ። ጽሕፈት ቤቱ እርስዎ ነዎት። ከእኔ ሌላ ተራ የያዘ ሰውም አላይም። ይሁንና ደንብ ነው ተብያለሁ፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው።

2. ክቡርነትዎ የሚያውቁትን ለክቡርነትዎ መንገር ቢያሳፍርም፣ አቤቱታ ማንነትን በመግለጽ ይጀምራልና ልግለጽ። የአቶ አወቀ ባለቤት ነኝ። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። የመዘምራኑን ቀሚስ የሰፋሁ እኔ ነኝ። የክቡርነትዎን ሱሪ ወገቡን ሁለት ጊዜ ያሰፋሁትም እኔ ነኝ፤ ይህን ያነሳሁት ለማስታወስ ያህል እንጂ በሌላ እንዳይተረጎምብኝ። እስከ ዛሬ የምሠራው ኪሌሌሽዋ፣ ፎቅ ቤት በተከራየነው ፍላት ኮሪደር ላይ ነው። የስፌት መኪናዬን ረገጥ ረገጥ ባደረግሁ ቁጥር ከታች ያሉት ሴትዮ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይነርቱታል። አከራያችንም "ማማ፣ ወይ መኪናውን ወይ ቤቱን" ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል።

3. ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ከላቪንግተን ወረድ ብሎ፣ ትምህርት ቤቱ ካለበት መንገድ ዳር፣ ጌታ ረድቶን ይህችን ቤት ጀመርን። ስንጀምር አወቀን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኝታ ቤቱም ሳሎኑም እንደፈለገው ይሁን፣ ለእኔ ግን በሩ ወደ መንገድ የሆነ አንዲት ክፍል ይሥራልኝ። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ ዩኒፎርማቸው የተቀደደውን፣ ያጠረውን፣ ቁልፉ የረገፈውን ከደጅ ሆኜ አያለሁ። እናቶቻቸው "ካሪቡ" ስላቸው ይገባሉ። ወደ ሳሎን የሚወስድ በር ሆን ብዬ አላስወጣሁም፤ ደንበኛ ሁሉ ጓዳዬን እያየ እንዲሄድ አልፈልግም። አወቀም እሺ አለ። አወቀ እሺ ሲል ግን መጠንቀቅ እንደሚገባኝ ማወቅ ነበረብኝ፤ እሱ ለሁሉም ሰው እሺ ነው የሚለው።

4. በማኅበራችን ልማድ አንድ አባል ቤት ሲሠራ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ሦስት አባላት ያሉት የቤት ተመልካች ኮሚቴ መጥቶ ያያል። ጉድለት ከልስን በኋላ ስለማይታይ፣ ሐሳቡ መልካም ነው፤ አልቃወምም። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። ከደርግ ሸሽተን ስንወጣ ብዙዎቻችን ሻንጣ እንኳ አልያዝንም፤ ስብሰባውን ግን እንዳለ ይዘነው መጥተናል። ለቀብር ኮሚቴ፣ ለሠርግ ኮሚቴ፣ ለኮሚቴዎቹ ሻይ የሚያፈላ ኮሚቴ። ባለፈው ጊዜማ የፋሲካው ዶሮ ወጥ ጨው በዝቶበታል ተብሎ ሂስና ግለ ሂስ ተደርጓል፤ ወጡን የሠራሁ እኔ ነበርኩ።

5. ዛሬ ከምሳ በኋላ ክቡርነትዎና ጋሼ ዘርይሁን መጣችሁ። ጸሐፊው አቶ ካሣሁን እንደ ልማዳቸው ማታቱ ታክሲ አመለጣቸው ተብሎ አልደረሱም። ምርመራው ተጀመረ። ጋሼ ዘርይሁን እያንዳንዱን ብሎኬት በጣታቸው እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን እየለጠፉ፣ "ይሄ ደህና ነው፣ ይሄ ግን አኩርፏል" ይሉ ነበር። ክቡርነትዎ ደግሞ የግድግዳ ቀጥታ መለኪያውን ቱምቢ ከግንበኛው ከፉንዲ ሙቱዋ ተቀብለው አንጠለጠሉት። ቱምቢው ከግድግዳው ጋር ልክ ሆኖ ሲወርድ ቅር ያለዎት መሰለኝ። እንደገና ለኩ፣ አሁንም ልክ ሆነ። ያን ጊዜ ቱምቢው ራሱ ሳይዘም እንዳልቀረ ለኮሚቴው አሳወቁ። ፉንዲው ምን እንደተባለ ጠየቀኝ፤ አልተረጎምኩለትም፤ ከተረጎምኩለት ጥሎን የሚሄድ መስሎኝ ነበር።

6. ከዚያ ወደ እኔ ክፍል ገባችሁ። ክቡርነትዎ መሃሉ ላይ ቆመው ዞር ዞር ብለው አዩና ክፍሉ ብርሃን ያለው፣ ነፋሻ፣ ለሐሙስ ኮሚቴ ስብሰባ እጅግ የሚመች መሆኑን ገለጡ። የመንገዱ በር ግን የኮሚቴውን ሐሳብ ይበትናል፣ አቧራ ያስገባል፣ ሌባ ይጋብዛል፣ እህት የውብዳርንም ከመንገደኛ ጋር ወሬ ያስለምዳታል አሉ። ስለዚህ ይደፈን፤ በፋንታውም ወደ ሳሎኑ ሌላ በር ይውጣ ተባለ። ጋሼ ዘርይሁን ደገፉ። አወቀን አየሁት። አወቀ እሺ አለ። ክቡርነትዎ ለጋብቻችን ሽማግሌ ሆነው አባቴ ዘንድ የሄዱ ሰው ነዎትና ዛሬም እንቢ ለማለት አፉ አይፈታለትም። እኔ አልተጠየቅሁም። ኧረ ተዉ እባካችሁ፣ በማን ክፍል ነው የምትወስኑት ልል ስል ፉንዲው ታዝዞ ብሎኬቱን መደርደር ጀምሮ ነበር።

7. እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሉልኛል። ለፉንዲው የተሰጠው ትእዛዝ ሁለት ነው፤ ይኼን ዝጋ፣ ያንን ክፈት። ፉንዲው ሰው የሚያዝዘውን በቅደም ተከተል የሚፈጽም ሰው ነው። መጀመሪያ የተባለውን መጀመሪያ ያዘ። ወዲያውም ክቡርነትዎ፣ አሠራሩ ሳያልቅ ክፍሉ ይባረክ ብለው ጋሼ ዘርይሁንን ጸልዩ አሏቸው። አወቀ ለእንግዶቹ የሚጠጣ ፋንታ ሊያመጣ ወደ ሱቅ ሄደ። ሦስታችን ቆመን ዓይናችንን ጨፈንን።

8. ጋሼ ዘርይሁን ሲጸልዩ እንዴት እንደሆነ ማኅበሩ ያውቀዋል። ለመሠረቱ ጸለዩ። ለአሸዋው፣ አሸዋውን ላመጣው ሎሪ ሹፌር፣ ለሹፌሩ ቤተሰብ ጸለዩ። ሞያሌ ድንበር ላይ ላሉት ወገኖቻችን፣ ለታሰሩት አገልጋዮች፣ ለአገራችን ለየክፍለ ሀገሩ በስም እየጠሩ ጸለዩ፤ ጎጃምን ረስተው እንደገና ተመለሱ። ፉንዲው ደግሞ ያኔ መሠረቱ ሲጣል ስንጸልይ የግንበኛ ማንኪያውን አንዴ ኳ ቢያደርግ ጋሼ ዘርይሁን አንድ ዓይናቸውን ገልጠው "ኪምያ!" ብለው ጸጥ አሰኝተውታል። ስለዚህ ዛሬ ኮሽ ሳይል፣ ድመት እንኳ እንደዚያ አትሄድም፣ ብሎኬቱን በብሎኬት ላይ እያስቀመጠ በጸሎታችን መሃል ሠራ። ፊቴ ላይ የነበረው ፀሐይ ቀስ እያለ ሲለቀኝ፣ ደረቴ ላይም ጥላ ሲያርፍ ተሰምቶኛል። የመንፈስ ቅዱስ ጥላ ነው ብዬ ከፍ ባለ ድምፅ "ሃሌሉያ" ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ክቡርነትዎም "አሜን" ብለው አጽንተውልኛል።

9. አሜን ብለን ዓይናችንን ስንገልጥ በር የለም። የመንገዱ ተዘግቷል፣ የሳሎኑ አልተከፈተም። መስኮት አለ፤ ግን ናይሮቢ ፍርግርግ የሌለው መስኮት የት ይገኛል? ፉንዲው ዕቃውን ሰብስቦ ቅዳሜ ነውና ወደ ቤቱ ሲወጣ አወቀን አጥሩ በር ላይ አገኘው። በኋላ አወቀ እንደነገረን፣ ፉንዲው ያለው ይህ ነው፤ ዝጋ ያሉኝ እነሱ፣ ውስጥ የቀሩትም እነሱ፣ ጾም ጸሎት የያዙ መስሎኝ አልረበሽኳቸውም፤ ሰኞ ተመልሼ ሌላውን እከፍታለሁ። አወቀ ምን አለው? እሺ አለው፤ ደህና ዋል ብሎም ሸኘው። ከዚያ የፋንታውን ሳጥን ተሸክሞ ቤቱን ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ በመጨረሻ በመስኮቱ ፍርግርግ ብቅ ብሎ "እንዴት ገባችሁ?" ሲል ጠየቀን።

10. ግድግዳው ገና እርጥብ ነው። አንድ ጎልማሳ ከውጭ ትከሻውን ቢያሳርፍበት፣ ወይም ከውስጥ በመዶሻ ቢመታ ይወርዳል። ነገር ግን ሰዓቱ በሄደ ቁጥር ሲሚንቶው እየያዘ ነው፤ አሁን በጣቴ ነክቼው ጣቴ እንደ ቅድሙ አልሰጠመም። "አወቀ፣ ግፋው!" ብዬ ብጮህ ክቡርነትዎ "ቆይ፣ እንዳትነካው!" አሉት። አወቀ ለሁለታችንም እሺ ብሎ መሃል ላይ ቆሞ ቀርቷል። የክቡርነትዎ ክርክር የኮሚቴ ውሳኔ የሚሻረው በኮሚቴ ውሳኔ ብቻ ነው፤ ለመወሰን ሁለት ቢበቁም ለመሻር ግን ሦስቱም አባላት "በአንድ ጣሪያ ሥር" ተሰብስበው ምልዓተ ጉባኤ መሙላት አለበት የሚል ነው። አቶ ካሣሁን ይህን ክርክር ስንጀምር ደረሱ፣ ነገር ግን ውጭ ናቸው፤ እኛ ውስጥ ነን። ስለዚህ ጉባኤው አልተሟላም፤ ስለዚህ ግድግዳው አይነካም፤ ስለዚህ እስከ ሰኞ እንታገሥ ተባልን።

11. በዚህ ነጥብ ላይ ያለኝን ተቃውሞ በአክብሮት አቀርባለሁ። የቤታችን ቆርቆሮ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። አቶ ካሣሁን ደግሞ ፀሐዩ ከብዷቸው ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው የእኔን ፋንታ እየጠጡ ነው። ቆርቆሮው አንድ ነው። እኛ ከሥሩ ነን፣ እሳቸውም ከሥሩ ናቸው። ደንቡ በአንድ ጣሪያ ሥር ይላል እንጂ በአንድ ግድግዳ ውስጥ አይልም። አቶ ካሣሁንን ይህን ብጠይቃቸው ጉዳዩ መጠናት አለበት ብለው አንድ እግራቸውን ከጥላው አወጡ። አሁን ጉባኤያችን የሞላው በአንድ እግር ብቻ ነው።

12. ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ ከዚህ በታች ያለውን ጽሕፈት ቤቱ እንዲያነበው አልነበረም ሐሳቤ። ግን ጋሼ ዘርይሁን "ጌታ በዚህ አንድ ነገር ሊያስተምረን ነው" ሲሉ ልቤ ተነካ፤ እኔ ይህን ትምህርት አንዴ ተምሬዋለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ልብስ መስፊያ ሱቅ ነበረችኝ፤ በሯ ወደ መንገድ ነበር። ማታ ማታ አምስት ስድስት ሆነን እንጸልይባት ነበር። አንድ ጠዋት ስመጣ የቀበሌው ሰዎች በሩን አሽገውታል፤ ወረቀት ለጥፈው ቀይ ሰም አፍስሰውበታል። በመስኮቱ ባይ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ መኪናዬ ላይ እንዳለ፣ መርፌው እንደተተከለበት፣ ግማሽ እጅጌ ይዞ ቀርቷል። ማንም አልጠየቀኝም፣ በስብሰባ ተወስኗል አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ፈራሁ፣ ዝም አልኩ፣ አገሬን ለቅቄ ወጣሁ። ያቺ ልጅ በምን ልብስ እንዳገባች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ጋሼ ሐብተማርያም፣ እርስዎም ያኔ ቤትዎ ታሽጎብዎት ነው የወጡት። በእግዜር ይሁንብዎ፣ ያኔ በሬ ሲዘጋ ከውጭ ቆሜ አየሁ፤ ዛሬ ሲዘጋ ደግሞ ከውስጥ አለሁ። ሦስተኛ የት እንድቆም ነው የሚፈለገው? ያኔ የዘጉብኝ የማልወዳቸው ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ የዘጉብኝ የምወዳቸው ናቸው፤ በጸሎትም ነው። ቤቴ የጌታ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ሳሎኔ ለጸሎት ክፍት ነው፣ ሻዩም ከእኔ። ክፍሌን ግን ለኮሚቴ አልሰጥም፤ ጌታና ኮሚቴው አንድ አይደሉም።

13. ይህን በምጽፍበት ጊዜ ሁለት አዳዲስ ነገሮች ተከስተዋል። አንደኛ፣ ክቡርነትዎ ሦስተኛ ፋንታዎን ጨርሰው እግርዎን ማጣመር ጀምረዋል፤ አውቃለሁ፣ ስለምን እንደሆነ መጻፉ ነውር ነው፤ እስከ ሰኞ ግን የሚቻል አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ ፉንዲው ሲቸኩል የድንጋይ መዶሻውን ረስቶት ሄዷል። ክቡርነትዎ ሲፈልጉት የቆዩት እሱን ከሆነ፣ እኔ የተቀመጥኩበት ከረጢት ሥር ነው። ሰርቄው አይደለም፤ በአደራ ይዤዋለሁ። ክቡርነትዎም መዶሻው ከተገኘ የውስጡን የሳሎን ግድግዳ እንሰብር ብለው እንደሚያስቡ ገምቻለሁ። እሱ ከወር በፊት ተገንብቶ የደረቀ ነው፤ ክቡርነትዎና ጋሼ ዘርይሁን ብትተባበሩበት ለትንሣኤ ትወጡ ይሆናል።

14. ስለዚህ የምጠይቀው ዳኝነት፦

ሀ) የመንገዱ በር አሁን፣ ሲሚንቶው ሳይይዝ፣ እንዲከፈት፤ ተከፍቶም እንዲቀር፤

ለ) ክፍሉ የእኔ የስፌት ክፍል መሆኑ እንዲታወቅልኝ፤

ሐ) አቤቱታዬ "ይታይ" ተብሎ ወደ አቶ ካሣሁን እንዳይመራብኝ፤ እሳቸው ጋ የተመራ ነገር መቼም ተመልሶ አያውቅም፤

መ) ከላይ ያሉት ውሳኔ ለመስጠት የሚያስቸግሩ ከሆነ፣ ውሳኔ መስጠት ሳያስፈልግ፣ ክቡርነትዎ ዓይንዎን ብቻ እንዲጨፍኑልኝ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ላብራራ። በሩ ሲዘጋ ማንም አላየም፤ ሦስታችንም በጸሎት ላይ ነበርን። ማንም ሳያየው የተዘጋ በር ማንም ሳያየው ቢከፈት የማን ውሳኔ ይሻራል? ኮሚቴው አልሻረም፣ ኮሚቴው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። አቶ ካሣሁንም ውጭ ሆነው አብረው እንዲጨፍኑ፣ ከግድግዳውም ራቅ ብለው እንዲቆሙ በአክብሮት ይነገርልኝ፤ የብሎኬት ፍንጣሪ ዓይን አያውቅም።

ጋሼ ዘርይሁን ይኸው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው፤ የምሽቱን ጸሎት ሊጀምሩ ነው። እሳቸው በመሠረቱ ሲጀምሩ እኔም እጀምራለሁ። ጎጃም ሲደርሱ ግማሹ የወረደ ይመስለኛል። አሜን ሲሉ በሩ ክፍት ነው፤ ክቡርነትዎ ቅድሚያ አለዎት፣ ሽንት ቤቱ ከማንጎው ዛፍ ኋላ ነው።

እኔ በዚህኛው ጸሎት ዓይኔን አልጨፍንም። ጌታ ይረዳኛል።

ለክቡርነትዎ ካለኝ እውነተኛ አክብሮትና ከዚሁ ክፍል ከማቀርበው ሰላምታ ጋር

ፊርማ
የውብዳር ቶሎሳ
ልብስ ሰፊ

አባሪ፦ አንድ የድንጋይ መዶሻ (በአመልካች እጅ)

ግልባጭ፦
ለጋሼ ዘርይሁን፤ ዛሬ ብቻ እንዳያሳጥሩት፤
ለአቶ ካሣሁን፣ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል፤ ከጠርሙሱ ጋር ይመለስ፤
ለባለቤቴ ለአቶ አወቀ፤ እሺ ካልክ አይቀር ይህኛውን እሺ በለኝ፤ የስፌት መኪናዬን ከኪሌሌሽዋ አስጭነህ አምጣና በመንገዱ በኩል አቁምልኝ፤ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ያልፋሉ።